በቢቸናና በሞጣ መንገድ ላይ ምን ይታያል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ፣ ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ምን ቅርስ ያገኛል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው፣ ከሞጣ በስተሰሜን ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘውና በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1632–1667) እንደተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ሰባራ ድልድይ ነው። የድንጋይ ቅስቱ፣ ማለትም ጎበጥ ብሎ ሸክሙን የሚያስተላልፈው ክፍል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለተቆረጠ፣ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ቢጠገንም ጎርፍ ስለወሰደው በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል። ወደ ሸለቆው የሚወርደው የእግር መንገድ በክረምት ስለሚያዳልጥ የበጋው ወራት ይመረጣል።

ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያሠራችው የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ሕንፃ ፍርስራሽ፣ በጥርብ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጌጡን እንደያዘ ይገኛል፤ ዝናው ከላሊበላ ጋር አለመነጻጸሩ ፍትሐዊ አይመስልም። በቢቸና አካባቢ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ገዳሙ በአብነት ትምህርት ቤቱ፣ ይኸውም ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በሚማርበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ የታወቀ ነው።