የካንዴላ ብልጭታና ጊዜው፤ የቆየች ቮልስዋገንን ማቀጣጠያ በቤት ስለ ማስተካከል

አንድ የቆየ አውቶሞቢል ጠዋት አልነሣ ሲል፥ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ ወይም ቤንዚን ያለ ልክ ሲፈጅ፥ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ካርቡራተሩን ነው። ካርቡራተሩ ይፈታል፥ ይታጠባል፥ ይገጠማል፤ መኪናው ግን እንደ ቀድሞው ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጥፋቱን በሌላ ስፍራ፥ ይኸውም ቤንዚኑን በሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ክፍል መፈለግ ይገባል። ስለዚህ ክፍል አሠራርና አስተካከል በአጭሩ ለመግለጽ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

ለምሳሌ የመረጥነው ቮልስዋገንን ነው። ይህች ጀርባዋ ክብ የሆነች መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ በተባለው ከተማ ሥራዋ ተፈጸመ። በአዲስ አበባ ግን ከእኛ ከተማሪዎቹ ዕድሜ እጅግ የሚበልጡ ቮልስዋገኖች ዛሬም ሲሄዱ እናያለን። በአንዳንድ ቤት ይህች መኪና የቤተ ሰብ መተዳደሪያ ወይም ከአያት የተረከቡአት አደራ ናት። በግምት የሚነካካት እጅ ሲበዛ ግን ኪሳራው ከቤንዚን ብክነት አልፎ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ስለ ሆነም አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ፥ ይህን ይያዝ፤ ክፍተት ሳይለካ ጊዜ አይስተካከልም። ምክንያቱን ከዚህ በታች እናየዋለን።

ሀ/ ማቀጣጠያው እንዴት ይሠራል?

እያንዳንዱ ፒስተን በተራ አራት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሁለተኛ የሳበውን ድብልቅ ያምቃል፤ ሦስተኛ የነደደው ጋዝ ፒስተኑን ገፍቶ ሞተሩን ያዞራል፤ አራተኛ ጭሱ ይወጣል። ድብልቁ የሚነደው ከካንዴላው ጫፍ በሚፈነጥቅ ትንሽ ብልጭታ ነው።

ታዲያ ይህ ብልጭታ ከየት ይመጣል? እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልስዋገኖች ባትሪያቸው 6 ቮልት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ደግሞ 12 ቮልት ናቸው። ይህን ያህል ትንሽ ኃይል የታመቀ ጋዝ ውስጥ ክፍተት ዘሎ ብልጭታ ሊሰጥ አይችልም፤ ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የሚያበዛው ቦቢና የሚባለው ዕቃ ነው። በቦቢናው ውስጥ በአንድ ብረት ዙሪያ ሁለት ሽቦዎች ተጠምጥመዋል፤ አንዱ ወፍራም ሆኖ በመቶ የሚቈጠር ዙር፥ ሁለተኛው እንደ ጠጕር የቀጠነ ሆኖ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዙር አለው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳስረዳው፥ በሽቦ ጥምጥም ውስጥ ያለው የማግኔት ኃይል በተለወጠ ጊዜ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ ለውጡ በፈጠነ መጠን የሚወለደው ኤሌክትሪክ ይበረታል። የአሜሪካው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ይህንኑ ሕግ በመጠቀም በባትሪ የሚሠራ ማቀጣጠያ አዘጋጅቶ፥ በ1910 ሞዴል ካዲላክ መኪናዎች ላይ ዋለ። የቆየችው ቮልስዋገንም የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ቦቢናውን የሚያዝዙት በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚገኙ፥ በጋራዥ ፑንቲና የሚባሉ ሁለት ትንንሽ መገናኛ ብረቶች ናቸው። በመካከል የሚዞረው ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ እየገፋ ይለያያቸዋል፤ አንድ ሞላም መልሶ ያገናኛቸዋል። ሲገናኙ ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ አልፎ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል። ሲለያዩ ማግኔቱ በድንገት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ ይነሣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብልጭታው የሚወለደው ፑንቲናው ሲገናኝ ሳይሆን ሲለያይ ነው። ከጎን ያለው ኮንዴንሰር የተባለው ትንሽ ዕቃ ደግሞ ፑንቲናው ራሱ እንዳይቃጠልና መለያየቱ ፈጣን እንዲሆን ይረዳል። በመጨረሻም ሮተሩ እየዞረ ኃይሉን ለአራቱ ካንዴላዎች ያድላል፤ የቮልስዋገን ተራ 1፥ 4፥ 3፥ 2 ነው።

ለ/ ብልጭታው ስለ ምን ይቀድማል?

ብዙ ሰው ብልጭታው መምጣት ያለበት ፒስተኑ ድብልቁን አምቆ ጫፍ በደረሰ ጊዜ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እሳት ጊዜ ይፈልጋል፤ ከካንዴላው ተነሥቶ በደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ እሳት እየተስፋፋ ይሄዳል። ለዚህ 0.002 ሰከንድ ያስፈልጋል ብለን እናስላ።

ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 4,800 ዲግሪ ይሄዳል፤ በ0.002 ሰከንድ ውስጥ 9.6 ዲግሪ ይዞራል ማለት ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን በሰከንድ 18,000 ዲግሪ ስለሚሄድ፥ በዚያው ጊዜ ውስጥ 36 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መነሣት አለበት፤ ሞተሩ በፈጠነ መጠንም ይበልጥ መቅደም ይገባዋል። እርግጥ ነው፥ ሞተሩ ሲፈጥን ድብልቁ ስለሚናወጥ እሳቱም ይፈጥናል፤ ስለዚህ በተግባር የሚያስፈልገው ከስሌታችን ጥቂት ያንሳል። ይህን ተጨማሪ ቅድሚያ ዲስትሪቢዩተሩ እንደ ዐይነቱ በክብደቶች ወይም በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል በራሱ ይሰጣል። የእኛ ድርሻ መነሻውን በትክክል ማስያዝ ነው።

ሐ/ ከመጀመር በፊት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ የካንዴላ ቁልፍ፥ ካቻቢቴ፥ የዳዶ ቁልፎች፥ ውፍረታቸው በቍጥር የተጻፈባቸው ስስ የብረት መለኪያዎች፥ ንጹሕ ጨርቅና ሁለት ሽቦ የተያያዘበት ትንሽ አምፑል። አምፑሉ ከባትሪው ጋር የሚስማማ፥ 6 ወይም 12 ቮልት ይሁን።

ሥራው የሚሠራው ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፥ ማርሹ ነጻ ይሁን። ከኋላ ወንበር ሥር የሚገኘው ባትሪ የምድር ሽቦው ይፈታ። ቤንዚን በአጠገብ አይኑር። ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበትና። ተማሪም ይህን ሥራ ብቻውን ሳይሆን ከወላጅ ወይም ከዐዋቂ ጋር ይሥራ።

መ/ ካንዴላውና ክዳኑ

ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት የየትኛው ሲሊንደር እንደ ሆኑ ምልክት ይደረግባቸው። ከዚያ አራቱ ካንዴላዎች ይፈቱና በተራ ይደርደሩ። ጫፋቸው ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ የሆነ እንደ ሆነ መልካም ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ዘይት ከነካው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ እጅግ ከነጣ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው። የካንዴላው ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር ይደረጋል። ሲታጠፍ የጎኑ ብረት ብቻ እንጂ መካከለኛው አይነካ።

የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሁለቱ መያዣዎቹ ተላቀው ይነሣና በጨርቅ ይጠረግ። በውስጡ እንደ እርሳስ ጭረት የመሰለ ጥቁር መስመር ወይም ስንጥቅ ከታየ ክዳኑ ይለወጥ፤ ብልጭታው ወደ ካንዴላው በመሄድ ፈንታ በዚያ ይሰረቃልና። ካንዴላዎቹ ሥራው እስኪፈጸም ወጥተው ቢቈዩ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይቀላል።

ሠ/ የፑንቲናው ክፍተት

ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ እንደ ሰዓት አዟዟር ወደ ቀኝ በቀስታ ይዞራል። የዘንጉ አንድ ማዕዘን የፑንቲናውን ተረከዝ እስከ መጨረሻ ገፍቶ ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ይቆማል። በዚያ ስፍራ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። መለኪያው ሲገባ በቀላል መነካካት ብቻ ያልፍ፤ ሳይገፋ ካልገባ ጠቧል፥ ሳይነካ ካለፈ ሰፍቷል። የመያዣው ብሎን ላላ ይልና ይስተካከላል፤ ከጠበቀ በኋላም ዳግመኛ ይለካል፥ ብሎኑ ሲጠብቅ ብረቱን ሊያንሸራትት ይችላልና። ፑንቲናው ጐድጕዶ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ አዲስ ማግባት ይሻላል።

በመግቢያችን ያልነው ነገር ምክንያቱ እዚህ ላይ ይገኛል። ክፍተቱ ሲሰፋ ፑንቲናው ቀድሞ ይለያያል፤ ስለዚህ ብልጭታው ይቀድማል። ሲጠብ ደግሞ ዘግይቶ ይለያያል፤ ብልጭታውም ይዘገያል። እንግዲህ ጊዜውን አስቀድሞ አስተካክሎ ክፍተቱን በኋላ የሚነካ ሰው፥ በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው ያፈርሳል። የፑንቲናው ተረከዝም በመፋተግ ስለሚያልቅ ክፍተቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጠብባል፤ ማንም ሳይነካት መኪናዋ ጉልበት የምታጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ረ/ ጊዜውን ማስተካከል

በፑሌጃው ጠርዝ ላይ የተቈረጡ ምልክቶች አሉ። ሁለት ምልክት ባላቸው የ1200 ሞተሮች ላይ፥ ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ ለሚያይ ሰው የግራው 7.5 ዲግሪ፥ የቀኙ 10 ዲግሪ ቅድሚያን ያሳያል። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የሞተሩና የዲስትሪቢዩተሩ ዐይነት ስለ ሆነ፥ የመኪናዋን መመሪያ ማየት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ፑሌጃው ወደ ቀኝ እየዞረ፥ ተፈላጊው ምልክት ሁለቱ የሞተር ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር ይገጥማል። ምልክቱ ካለፈ ወደ ኋላ በመመለስ ፈንታ እንደ ገና ዞሮ መምጣት ይሻላል፤ የጥርሶች ልልነት ልኩን እንዳያሳስት ነው።

2ኛ/ ሮተሩ በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት፥ ማለት ወደ 1ኛው ሲሊንደር ማመልከት አለበት። ወደ ተቃራኒው ካመለከተ ፑሌጃው አንድ ሙሉ ዙር ይጨመር።

3ኛ/ የባትሪው ሽቦ ይመለሳል። የአምፑሉ አንድ ሽቦ ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው በሚሄደው ቀጭን ሽቦ መያዣ ላይ፥ ሁለተኛው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይያያዛል። ከቦቢናው መካከል የሚወጣው ወፍራም ሽቦም ከክዳኑ ተነቅሎ ጫፉ ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካካ። ቁልፉ ይከፈታል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም።

4ኛ/ ዲስትሪቢዩተሩን አንቆ የያዘው ዳዶ ላላ ይላል። ዲስትሪቢዩተሩ አምፑሉ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ቀኝ፥ ቀጥሎም አምፑሉ እስኪበራ ድረስ በዝግታ ወደ ግራ ይዞራል። አምፑሉ የበራበት ቅጽበት ፑንቲናው የተለያየበት፥ ማለት ብልጭታው የሚወለድበት ቅጽበት ነው። እዚያው ላይ ዳዶው ይጥበቅ።

5ኛ/ ለማረጋገጥ ፑሌጃው ሁለት ሙሉ ዙር ወደ ቀኝ ይዞራል። ምልክቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ አምፑሉ ከበራ ሥራው ተፈጽሟል። ቁልፉን ከፍቶ መርሳት ቦቢናውን ያሞቀዋልና ወዲያው ይዘጋ። ካንዴላዎቹም መጀመሪያ በጣት ብቻ ይገጠሙ፤ የሲሊንደሩ ራስ አሉሚኒየም ስለ ሆነ፥ ተጣሞ የገባ ካንዴላ ጥርሱን ይበላዋል።

ሰ/ የጥፋት ምልክቶች፥ ደጋና ቆላ

ብልጭታው ሲዘገይ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፥ ሞተሩ ይሞቃል፥ ቤንዚን ይባክናል። ከልክ በላይ ሲቀድም ደግሞ ዳገት ላይ በብረት የመታ የሚመስል ማንኳኳት ይሰማል። ይህ ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ፒስተኑ ገና ወደ ጫፍ ሲሄድ እሳቱ ወደ ኋላ ይገፋዋልና።

በአገራችን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውም ያነሰ ነው። ስለዚህ ጊዜው ያለ ልክ የቀደመ ሞተር በከተማ ውስጥ ዝም ብሎ ይሄድና፥ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ አየሩ ወፍሮና ሞቆ ሲያገኘው ማንኳኳት ይጀምራል። «ትንሽ ቢቀድም ይሮጣል» ብሎ በጆሮ ብቻ ማስተካከል ጉዳት የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮ የሚሰማው የዛሬውን መንገድ ነው፤ ምልክቱ ግን ለሁሉም መንገድ የተበጀ ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ «በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም እየበዛ ነው፤ ታዲያ የፑንቲና ትምህርት ምን ይረባናል?» ይል ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ያሉት መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ፤ በሚገባ የተያዘ ሞተር ቤንዚን ይቈጥባል፥ ጭሱም ያንሳል። ሁለተኛ፥ በቦቢናው ውስጥ የሚሠራው የፋራዴይ ሕግ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሲይዝ ባትሪውን መልሶ የሚሞላበት ሕግ ነው። በክፍል ውስጥ በጠመኔ የተማርነውን ሕግ በእጃችን በያዝነው አምፑል ሲበራ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ለዚህም ሥራ ቅደም ተከተሉ እንዲሁ ነው፤ ከማዞር መለካት ይቅደም፤ ከጊዜውም ክፍተቱ ይቅደም።