የአሮጌ መኪና የቆዳ መቀመጫ ለምን ይሰነጠቃል? እንዴትስ ይጠገናል?

ሞተሩ ጤነኛ፣ አካሉ ያልዛገ አሮጌ መኪና ባለቤቱ በቀላሉ የሚለየው ንብረት አይደለም። በተለይ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ትርጉም ያለው ነገር ሆኗል። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ መኪና በር ሲከፈት አስቀድሞ ዓይን የሚያርፍበት የተላጠና የተሰነጠቀ የሾፌር መቀመጫ ነው። አንዱ ባለቤት ቫዝሊን ይቀባዋል፤ ሌላው የጫማ ቀለም ያስቀባዋል፤ ሦስተኛው ቆዳውን አስወልቆ ላስቲክ ያስለብሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሊድን የሚችለውን ይጥላል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ቆዳ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቆዳ ዋነኛ አካል ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ሞለኪውል እርስ በርሳቸው እንደ ገመድ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች ያሉት ሲሆን፣ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ናኖሜትር ያህል ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች ተሰባስበው ጭረት፣ ጭረቶቹም ተጠላልፈው የቆዳውን መረብ ይሠራሉ። ጥሬ ቆዳ እርጥብ ሲሆን ይበሰብሳል፤ ሲደርቅ እንደ ሰሌዳ ይገተራል፤ በውኃ ውስጥ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅም ይኮማተራል። የማልፋት ሥራ ዓላማ ይህን ጠባይ መለወጥ ነው። አውግስጦስ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ጊዜ አንሥቶ እየተስፋፋ በመጣው የክሮሚየም ዘዴ፣ የክሮሚየም አዮኖች በኮላጅን ላይ ከሚገኙት የካርቦክሲል ክፍሎች ጋር ተጣምረው ጎረቤት ሰንሰለቶችን ያስተሳስራሉ። በዚህ መንገድ የለፋ ቆዳ የፈላ ውኃ እንኳ ሊቋቋም ይችላል።

ከዚህ በኋላ ፋብሪካው ዘይት በጭረቶቹ መካከል ያሰርጋል። ዘይቱ ጭረት በጭረት ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ የቆዳ ልስላሴ ማለት ይኸው መንሸራተት ነው። መጨረሻ ላይ ለመኪና የሚሆነው ቆዳ ገጹ ቀለም ባለው ፖሊመር፣ በላዩም ጥርት ባለ መከላከያ ይሸፈናል። የዚህ ሽፋን ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አንባቢ ይህን ቁጥር በአእምሮው እንዲይዝ እንሻለን፤ ምክንያቱም በአብዛኛው «ቆዳው አለቀ» የሚባለው ያለቀው ይህ ስስ ሽፋን ብቻ ሲሆን ነው። ሾፌሩ በገባና በወጣ ቁጥር ጭኑ በበሩ በኩል ያለውን የመቀመጫውን ጎን ይፈትገዋል፤ በልብሱ ላይ ያለው አቧራ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያገለግላል። በጎን መስኮት የሚገባው ፀሐይም የድርሻውን ያበረክታል። መስታወቱ አብዛኛውን አጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት ቢያስቀርም ረጅሙን በከፊል ያሳልፋል።

ቫዝሊን የማይረዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ያልተነካ ከሆነ ቅባቱ ወደ ጭረቱ አይደርስም፤ ከላይ ተንሳፎ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራውም ፍትገቱን ያፋጥናል። የሚያብረቀርቁ የሲሊኮን ቅባቶች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ በኋላ የሚቀባው ቀለም እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። የጫማ ቀለምም ቢሆን ሰምና ማቅለሚያ እንጂ ከቆዳው ጋር የሚተሳሰር ፖሊመር የለውም። ጫማ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ መቀመጫ ላይ ግን ቀለሙ ወደ ሱሪ ይሄዳል።

ከማንኛውም ሥራ በፊት መቀመጫው በእርግጥ ቆዳ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 የተመረተውና በጥንካሬው የታወቀው መርሴዲስ ደብልዩ 123 ብዙውን ጊዜ የተሸጠው በጨርቅ ወይም ኤም ቢ ቴክስ በተባለ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነበር፤ እውነተኛ ቆዳ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። በሌሎች መኪኖች ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት ፊት ቆዳ፣ ጎንና ጀርባው ላስቲክ ይሆናል። ከመቀመጫው ሥር የውስጥ ገጹን ማየት ከተቻለ ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ የቆዳ የውስጥ ገጽ ጸጉራማ ጭረት ሲሆን የሰው ሠራሹ ግን የተሸመነ ጨርቅ ነው። ሰው ሠራሹ ፒ.ቪ.ሲ. የሚሰነጠቀው በሌላ ምክንያት ነው። የሚያለሰልሰው ኬሚካል በሙቀት እየተነነ ያልቃል፤ በፊት መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታየው ጭጋግ መሰል ቅባት ከፊሉ ይኸው ነው። ለእርሱ የቆዳ ዘይት አይረዳውም።

ቆዳ መሆኑ ከተረጋገጠ አንዲት የውኃ ጠብታ በተላጠው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ሙከራ ነው። ጠብታዋ ቆማ ከቀረች ሽፋኑ አለ፤ ቀስ ብላ ገብታ ቦታውን ካጠቆረችው ጭረቱ ተጋልጧል። በዚህ ጊዜ፣ በዚህም ጊዜ ብቻ፣ የቆዳ ማለስለሻ ዘይት በጥቂቱ ቢሰጠው ይጠቀማል። በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን የኮላጅኑ መረብ ራሱ ፈርሷል፤ ያን ክፍል ፈትቶ በአዲስ ቆዳ መተካት እንጂ መጠገን አይቻልም።

ጽዳቱ የሚጀምረው ለስላሳ በሆነ ሳሙናና በጥቂት ውኃ ነው። የለፋ ቆዳ ፒ.ኤች. ከ3.5 እስከ 4.5 ባለው ክልል፣ ማለትም በአሲድ በኩል ስለሆነ፣ አልካላይ የሆነው የልብስ ሳሙናና በተለይም በረኪና ይጎዱታል። ከዚያ የቆየው ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ጨርቅ ይወለወላል፤ በመጨረሻም ጠርዙ የተላጠው ቦታ በ400 ወይም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ ይላገጣል። በሮቹ ክፍት፣ እሳት የራቀ መሆን አለበት።

ቀዳዳ ወይም ቅድ ካለ ከላይ አይለጠፍም። ከቅዱ ይልቅ በሁሉም በኩል ሰፋ ያለ ስስ ጨርቅ በውስጥ በኩል ይገባና በሚለመጥ ማጣበቂያ ይያያዛል፤ የቅዱ ከንፈሮች ሳይወጠሩ በላዩ ይገጠማሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ ይጠቀማሉ። ስሌቱ ለምን እንደማይሆን ያሳየናል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ እስከ መካከለኛው መስመሩ በሚለካ 5 ሚሊሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ፣ የውጭ ገጹ የሚለጠጠው ግማሽ ውፍረቱ ለራዲየሱ ተካፍሎ፣ ማለትም 0.5 ለ5፣ 10 በመቶ ነው። በጥቂት መቶኛ መለጠጥ የሚሰበር ደረቅ ሙጫ ይህን አይችልም፤ ተሰብሮም ጠርዙ ቆዳውን እንደገና ይቀደዋል። በላዩ የግማሽ ሚሊሜትር መሙያ ብንጨምር፣ መካከለኛው መስመር በቦታው እንዳለ ብንወስድ፣ የገጹ ርቀት ወደ 1 ሚሊሜትር ስለሚያድግ ልጠጣው 20 በመቶ ይሆናል። መሙያው የሚለመጥ፣ በጣም ስስ እየሆነም በየንብርብሩ እየደረቀ የሚደረብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የመኪና አካል የሚሞላበት ስቱኮ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ቀለሙ ውኃ መሠረት ያደረገ የቆዳ ቀለም ቢሆን ይመረጣል። ናሙናው ከራስ መደገፊያው ሥር ወይም ፀሐይ ካላየው ስፌት እንጂ ከደበዘዘው ፊት አይወሰድም፤ ማነጻጸሩም በቀን ብርሃን ይሁን፤ በመብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በፀሐይ ሊለያዩ ይችላሉ። በስፖንጅ ሦስት አራት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል፤ ምክንያቱን ከላይ አስልተናል። መጨረሻ ላይ የሚደረበው ጥርት ያለ መከላከያ ሊዘለል አይገባውም፤ ከዚህ በኋላ የሚፈተገው እርሱ ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቮልቮ 850 በመቀመጫው ጎን ውስጥ የአደጋ መከላከያ ኤርባግ ይዞ ከቀረበ ወዲህ ብዙ መኪኖች ይህን አሠራር ተከትለዋል። በእንዲህ ዓይነቱ መቀመጫ ላይ በበሩ በኩል ያለው ስፌት በግጭት ጊዜ እንዲቀደድ ታስቦ የተሰፋ ነው። በጠንካራ ክር እንደገና ቢሰፋ፣ ከውስጥ ጨርቅ ቢለጠፍበት ወይም ሙሉ ልብስ ቢለብስ ኤርባጉ በጊዜው ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ በመቀመጫው ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ፣ በዚያ በኩል ቀለም ከመቀባት ያለፈው ሥራ ሁሉ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው።