ከጋላክሲ እምብርት የሚወጣውን ነፋስ በብርሃን መለካት

ማንም ሄዶ ሊደርስበት የማይችለውን ጋዝ ፍጥነት ከዚህ ከጁባ ሆነን ማስላት እንችላለን? አዎ፤ መለኪያው ከተሰጠን የሚቀረን መቀነስ፣ ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው።

ጋላክሲ በስበት የተሳሰሩ እጅግ ብዙ ከዋክብት፣ ጋዝና አቧራ ስብስብ ነው። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። በትልልቅ ጋላክሲዎች እምብርት ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ይገኛል። ብዙ ጋዝ ወደ እሱ ሲሳብ እየተሽከረከረ ይግላል፤ አካባቢውም በኃይል ያበራል። ይህን ጊዜ ጋላክሲው «ንቁ ጋላክሲ» ይባላል። ነገር ግን የተሳበው ጋዝ ሁሉ አይዋጥም፤ ከፊሉ እንደ ነፋስ ወደ ውጭ ይገፋል።

ይህ በምን ይታወቃል? ቦዳ ቦዳ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ጋዝ የብርሃን ሞገዱ አጥሮ ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቀው ደግሞ ረዝሞ ወደ ቀይ ያደላል። ስፔክትሮግራፍ የተባለው መሣሪያ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርዝሮ ልዩነቱን ያሳያል።

ምሳሌ፦ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን በ500.7 ናኖ ሜትር አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። የጋላክሲው የራሱ ጉዞ ከተቀነሰ በኋላ ይህን ብርሃን በ500.2 ላይ አገኘነው እንበል። ልዩነቱ 0.5 ነው። 0.5ን ለ500.7 አካፍለን በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር፣ ስናባዛው 300 ገደማ ይመጣል። ጋዙ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እኛ ይጓዛል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ከጁባ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይበቃል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋዙ በጋላክሲው ውስጥ በመዞሩም አንዱ ወገን ወደ እኛ ይቀርባል፤ ሌላው ይርቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አስቀድመው ዙረቱን ይለካሉ፤ በዙረት ሊብራራ የማይችለውን እንቅስቃሴ ለይተው ነፋሱን ያጠናሉ።

ጋዝ የከዋክብት ጥሬ ዕቃ ነው። ነፋሱ ጋዙን ጠርጎ ካወጣው ወይም ካሞቀው አዳዲስ ከዋክብት መወለዳቸው ይቀንሳል። የጋላክሲው ዕጣ በዚህ ሊወሰን ይችላል።

ይህ ሙያ ከእኛ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ እንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በኢትዮጵያ የሠሩት ዶክተር ሚርያና ፖቪች ንቁ ጋላክሲዎችን የሚያጠኑ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ፊዚክስ ከበደኝ» ስትል «ተይው» ከማለታችሁ በፊት ይህን ስሌት አብራችኋት ሞክሩት።

መልመጃ፦ ያው ብርሃን በ501.7 ናኖ ሜትር ቢገኝ፣ ጋዙ ወደ እኛ ይመጣል ወይስ ይርቃል? ፍጥነቱስ ስንት ነው? መልሱን ለፊዚክስ መምህራችሁ አሳዩ።