ተራራንና ቤቱን የወደደ አባት

ጆን ሚዩር የሚባል ሰው በ1838 ዓመት በስኮትላንድ አገር፥ ደንባር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። በ1849 ዓመት አባቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዊስኮንሲን ግዛት ዱር መንጥሮ እርሻ አቀና፤ ጆንም አብሮት ሄደ።

አባቱ እጅግ ጽኑ ሰው ነበረ። ልጁ ቀኑን ሙሉ እርሻ ሲሠራ ይውላል፤ ማታም ቤተ ሰቡ ሲተኛ መብራት አብርቶ ማንበብ አይፈቀድለትም ነበር። ነገር ግን ልጁ አጥብቆ ስለ ለመነው አባቱ፥ ማንበብ የሚፈልግ ከሆነ የወደደውን ያህል ማልዶ እንዲነሣ ፈቀደለት። ጆንም በበረዶ ወራት አንድ ሌሊት ተነሥቶ ሰዓቱን ቢያይ ገና ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበረ። አምስት ሰዓት ሙሉ የራሱ ጊዜ ስላገኘ ደስ አለው። ብርዱ ግን ያንቀጠቅጥ ነበር፤ እሳት ቢያነድም አባቱ ስለ ማገዶው እንዳይቈጣው ፈራ። ስለዚህ መጽሐፉን ትቶ ወደ ምድር ቤት ወረደና በሻማ ብርሃን እንጨት ይጠርብ ጀመር።

መጋዝ ስላልነበረው ከአሮጌ የሴት ልብስ ውስጥ ቀጭን ብረት አውጥቶ መጋዝ አበጀ። ከእንጨትም ሰዓት ሠራ፤ ያም ሰዓት ከጊዜው በቀር ዕለቱንና ወሩን ጭምር ያመለክት ነበር። ደግሞ ከሰዓት ጋር የተያያዘ አልጋ ሠራ፤ የተወሰነው ጊዜ ሲደርስ አልጋው ወደ ግርጌው ያዘነብልና የተኛውን ሰው በእግሩ ያቆመዋል። ማለዳ መነሣት ለሚያስቸግረው ተማሪ እንዲህ ያለ አልጋ ቢኖር ለእናቱ ዕረፍት በሆነ ነበር። በ1860 ዓመት ሥራዎቹን ተሸክሞ ማዲሶን ከተማ ወደ ተደረገው ትርኢት ቢሄድ ሕዝቡ ከብቦ አደነቀው።

በ1867 ዓመት በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የሠረገላ ዕቃ በሚበጅበት ፋብሪካ ሲሠራ ክፉ ነገር አገኘው። የመኪናውን ጠፍር ሊፈታ የያዘው ሞረድ አመለጠውና ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ጥቂት ቆይቶም ያልተወጋው ዓይኑ ጨለመበት። ብዙ ሳምንት በጨለማ ክፍል ተኛ። በዚያም ሳለ ያሳዘነው የሥራው መቋረጥ አልነበረም፤ አበባና ዛፍን ዳግመኛ አለማየቱ ነበር እንጂ። ብርሃኑ ሲመለስለት ፋብሪካውን ተሰናብቶ ከኬንታኪ እስከ ፍሎሪዳ ባሕር ድረስ 1600 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። በማግሥቱም ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ዮሰሚቲ የሚባለውን ሸለቆ አየ። በዚያ በግ ጠበቀ፥ እንጨት ሰነጠቀ፤ የገዛ ጎጆውንም በእጁ ሠርቶ የጅረት ውሃ በአንድ ማዕዘኑ እንዲያልፍ አደረገ፤ ሌሊት ድምፁን እየሰማ ይተኛ ነበርና።

በ1880 ዓመት ሉዊ የምትባል ሴት አገባ፤ በማርቲኔዝ ከተማ አጠገብም የአባትዋን የፍሬ እርሻ ያዘ። ዋንዳና ሔለን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ተወለዱላቸው። ከልጆቹ ጋር እየዞረ የአበባውን ሁሉ ስም ያስተምራቸው ነበር። በእርሻው ሥራ ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ ሰውነቱ ግን ከሳ፥ መጽሐፍ መጻፍም ተወ። ሉዊ ተራራ መውጣት የምትወድ ሴት አልነበረችም። ሆኖም በ1888 ዓመት እርሱ ሩቅ አገር ሳለ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ የሰውን መልካም ሕይወትና ሥራ የሚበላ እርሻ ቢቀር ይሻላል አለችው። ይህን ለመጻፍ ትልቅ ልብ ያስፈልጋል፤ ባልዋ ወደ ተራራ ሲሄድ ከልጆቹ ጋር የምትቀር እርስዋ ነበረችና። ከእርሻውም ከፊሉን ሸጡ፥ ከፊሉን አከራዩ።

ከዚህ በኋላ ሚዩር ስለ ዮሰሚቲ ብዙ ጻፈ፤ በ1890 ዓመትም መንግሥት በሸለቆው ዙሪያ ያለው ዱር እንዲጠበቅ ሕግ አወጣ። በ1903 ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሱ መጥቶ ከእርሱ ጋር ሦስት ሌሊት በዱር አደረ።

ሔለን ግን ደረትዋን ታመመች። በ1905 ዓመት አየሩ ደረቅ ወደ ሆነው ወደ አሪዞና ከእኅትዋ ጋር ወሰዳት። በዚያው ሳሉ ሉዊ መታመምዋን ሰምተው ተመለሱ፤ እርስዋም በነሐሴ ሞተች። ከኀዘኑ የተነሣ ብዙ ጊዜ መጻፍ አልሆነለትም። ልጆቹን ይዞ ወደ አሪዞና ተመለሰና ከብዙ ዘመን በፊት ድንጋይ የሆኑትን ግንዶች ይመረምር ጀመር። በ1906 ዓመት ያ ስፍራ ደግሞ እንዲጠበቅ ተደረገ።

በ1914 ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፥ በሞሃቪ ምድረ በዳ የምትኖረውን ሔለንን ሊጠይቅ ሄደ። ስለ አላስካ የጀመረውንም መጽሐፍ ይዞ ነበር። በዚያ በብርድ ሳንባውን ታመመና ወደ ሎስ አንጀለስ ወስደውት በታኅሣሥ 24 ቀን ሞተ። በማርቲኔዝ በቤተ ሰቡ መቃብር፥ በሉዊ አጠገብ ተቀበረ። ሰዓት ያለበት፥ በእጁ የጠረበው የእንጨት ጠረጴዛም በማዲሶን ከተማ ይገኛል።