በአባቱ ጠረጴዛ ዳር የተማረው ልጅ

በባዕድ ሀገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ በልቡ ይመላለስበታል። ይኸውም «ልጄን ሙሉ በሙሉ ለትምህርት ቤት ልተወውን? ወይስ ከትምህርቱ ከፊሉን እኔው በቤቴ ላስተምረው?» የሚለው ነው። ከዚህም አልፎ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በቤት ለማስተማር የሚያስብ አይጠፋም። በዚህ ነገር ላይ ከመፍረዳችን በፊት፥ በቤት ብቻ የተማረ አንድ ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይማር እንደ ነበር፥ ምን እንዳተረፈበትና ምን እንደ ጐደለበት መመርመር ይጠቅማል። ለዚህ ጥናት የመረጥነው ልጅ አድጎ የራሱን አስተዳደግ በዝርዝር የጻፈ ስለ ሆነ ምስክርነቱ ከራሱ አንደበት የተገኘ ነው።

ልጁና አባቱ

ጆን ስቱዋርት ሚል በ1806 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። ለዘጠኝ ልጆች በኵር ነበር። አባቱ ጄምስ ሚል የስኮትላንድ ተወላጅ፥ የጫማ ሠሪ ልጅ ሲሆን፥ በብዕሩ የሚተዳደር ደራሲ ነበር። በ1817 የወጣውን ትልቁን የብሪታንያ ሕንድ ታሪክ እየጻፈ ልጁን ግን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልክ ራሱ አስተማረው። ልጁም በ19ኛው መቶ ዘመን ከታወቁት የእንግሊዝ ፈላስፎች አንዱ ለመሆን በቃ። የሕይወት ታሪኩ የታተመው በሞተበት ዓመት በ1873 ነው።

ጄምስ ሚል ልጁን ያለ ሃይማኖት ማሳደጉን አንሰውርም፤ በዚህ ረገድ ቤቱን ለአርአያነት አናቀርበውም። የምንመረምረው የማስተማሪያውን ሥርዓት ነው።

ጠዋት፦ ያነበበውን መልሶ መናገር

ልጁ ከአራት እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ በነበረበት ጊዜ ቤተ ሰቡ በኒዊንግተን ግሪን ይኖር ነበር። አባትየው ጤንነቱን ለመጠበቅ ጠዋት ከቍርስ በፊት በእግሩ የመሄድ ልማድ ነበረው፤ ልጁንም ያስከትለው ነበር። ልጁ በዋዜማው ያነበበውን እየመላለሰ ለአባቱ ይነግራል። ሲያነብ በቍራጭ ወረቀት ማስታወሻ ይይዝ ስለ ነበር፥ በመንገድ ላይ ወረቀቱን እየተመለከተ ይተርካል። በዚህ መንገድ የሂዩምንና የጊቦንን የታሪክ መጻሕፍት ጨምሮ ብዙ ታሪክ ተማረ። አባቱም በመካከሉ ስለ ሥልጣኔ፥ ስለ መንግሥትና ስለ ሥነ ምግባር እያብራራለት፥ ልጁ ያንኑ በኋላ በራሱ ቃል እንዲደግመው ያዘው ነበር።

እንግዲህ የታሪክ ትምህርት፥ የንግግር ልምምድና የሰውነት እንቅስቃሴ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከናወኑ ነበር ማለት ነው።

ቀን፦ ቋንቋ

ልጁ ጽርዕን ማለትም ግሪክኛን የጀመረው በሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ የተለመዱትን ቃላት ከነእንግሊዝኛ ትርጉማቸው በካርድ ላይ ጽፎ ይሰጠው ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ኤዞፕ ተረቶች፥ ቀጥሎም ወደ ዜኖፎን መጽሐፍ ተሸጋገረ። ነገር ግን የዚያ ዘመን የግሪክኛ መዝገበ ቃላት የሚተረጕመው በላቲን ነበር፤ ልጁ ደግሞ ላቲን ገና አልጀመረም። ስለዚህ አባትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጠው፥ አባትየው መጽሐፉን ሲጽፍ፥ ልጁ የማያውቀው ቃል በገጠመው ቍጥር አባቱን ይጠይቅ ነበር። ጄምስ ሚል ትዕግሥት ከሌላቸው ሰዎች አንዱ ነበር፤ ቢሆንም ይህን ሁሉ መቋረጥ ተሸክሞ የታሪኩን ብዙ ክፍል በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፈ።

በስምንት ዓመቱ ላቲንን ሲጀምር አዲስ ግዴታ ተጨመረበት። የተማረውን ለታናሽ እኅቱ፥ ቆይቶም ለሌሎቹ ታናናሾቹ ማስተማር ነበረበት፤ ለእነርሱም ትምህርት እንደ ራሱ ትምህርት ተጠያቂ ነበር። ይህን ሥራ አልወደደውም። የአስተማሪና የተማሪ ግንኙነት በልጆች መካከል ለሁለቱም ጠባይ መልካም እንዳልሆነም ጽፏል። ሆኖም ሌላውን የሚያስተምር ራሱ ነገሩን በጥልቀት እንደሚያውቅና እንደማይረሳው መስክሯል።

ማታ፦ ሒሳብ፤ ከዚያም ሳይንስ

የሒሳብ ትምህርቱ በማታ ነበር፤ እጅግ ይከብደውና ያስመርረው እንደ ነበር አልሸሸገም። በኋላ ጂኦሜትሪና አልጀብራ ተማረ። ካልኩለስ ላይ ሲደርስ ግን አባቱ ይህን ክፍል ረስቶት ስለ ነበር፥ ልጁ ከመጻሕፍት ጋር ብቻውን ታገለ። በዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ፤ ምንም ያህል የተማረ ወላጅ ቢሆን እውቀቱ የሚያልቅበት ቦታ ይመጣል።

በሳይንስም እንዲሁ ሆነ። ልጁ የኬሚስትሪ መጻሕፍትን በታላቅ ፍቅር ያነብ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሙከራ በዓይኑ ሳያይ ዓመታት አለፉ። እሳቱን ሳያዩ ስለ እሳት እንደ ማንበብ ነው።

በ12 ዓመቱ የአሪስቶትልን የሎጂክ መጻሕፍት ያዘ። በ13 ዓመቱ ደግሞ አባቱ በእግር ጕዞ ላይ የኢኮኖሚ ትምህርት ይሰጠው ጀመር። ልጁ የሰማውን በማግሥቱ ጽፎ ያቀርባል፤ ጽሑፉ ግልጽ፥ ትክክለኛና የተሟላ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ እንዲጽፈው ይመለስለታል። ጄምስ ሚል በ1821 ያሳተመውን የኢኮኖሚ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ በእነዚህ የልጁ ማስታወሻዎች ተጠቅሟል።

የትምህርቱ ምሥጢር

ብዙ ሰው የዚህን ልጅ ታሪክ ሲሰማ የሚደነቀው በትምህርቱ ዓይነት ብዛት ነው። ዋናው ነገር ግን ብዛቱ አይደለም። ታሪክም ይሁን ቋንቋ ወይም ኢኮኖሚ፥ ሥርዓቱ ሦስት ነበር። አንደኛ፥ ልጁ የተማረውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል ወይም ይጽፋል። ሁለተኛ፥ አስቦ ሊደርስበት የሚችለው ነገር ራሱ ሞክሮ እስኪደክም ድረስ አይነገረውም። ሦስተኛ፥ የሚያውቀውን ለታናሹ ያስተምራል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ተማሪው ነገ የሚነበበውን ዛሬ ማታ ይቀጽላል፤ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል፤ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ብቻ ይዞ አይቀርም፥ ራሱ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል፥ ስሕተቱም በዚያው ይታረምለታል። ሁለቱ ሥርዓቶች ሳይተዋወቁ በአንድ እውነት ላይ ተገናኝተዋል፤ ጆሮ ብቻ የሰማው ቶሎ ይጠፋል፥ አንደበት የመለሰው ይቆያል።

ጕድለቱ

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ገጽ እንመልከት። በሚል ቤት የዕረፍት ቀን አልነበረም፤ አባትየው የሥራ ልማድ ይቋረጣል ብሎ ስለ ፈራ ነው። በየቀኑ የመዝናኛ ሰዓት ነበረው፤ ግን ክፉ ጠባይ እንዳይማር ተብሎ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይውል ተከለከለ። ከዚህ የተነሣ በእጅ ሥራ ሁሉ ያልሠለጠነ ሆኖ አደገ። በአባቱ ዘንድ ርኅራኄ በገሃድ አይታይም ነበር፤ ትምህርቱም ከፍቅር ይልቅ በፍርሃት የታጀበ ነበር።

ዕዳው በ1826 መጸው ላይ መጣ። ጆን ሚል ያን ጊዜ 20 ዓመቱ ነበር። ለዓለም ሊያደርግ የተመኘው መሻሻል ሁሉ በዚያች ቅጽበት ቢፈጸምለት ደስ ይለው እንደ ሆነ ራሱን ጠየቀ፤ ልቡም «አይለኝም» ብሎ መለሰለት። ለወራት በጥልቅ ኀዘን ተዋጠ። ሥቃዩን ለአባቱ መንገር አልቻለም፤ አባቱ እንዲህ ያለውን ነገር የሚረዳ ሰው አይደለምና። መፍትሔው የጀመረው የአንድ ፈረንሳዊ ደራሲን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ነው። የአባቱን ሞት የሚተርከው ክፍል ላይ ሲደርስ እንባው ወረደ፤ ማልቀስ በመቻሉም ልቡ እንዳልሞተ አወቀ። በ1828 የወርድስወርዝን ግጥሞች ማንበቡም አጽናናው። አእምሮው ሠልጥኖ ስሜቱ ግን ያለ ምግብ እንደ ቀረ የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

በመጀመሪያ ሕጉን ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች በቤት ማስተማር ይፈቀዳል፤ የሚጠየቀው ማስታወቂያና ማስረጃ ግን እንደየግዛቱ ይለያያል። በእንግሊዝ የ1996 የትምህርት ሕግ ልጁ በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ ተገቢ ትምህርት እንዲያገኝ ወላጅን ያዛል። በጀርመን ግን ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ ነው፤ በስዊድንም ከ2011 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ብርቱ ልዩ ምክንያት ከሌለ አይፈቀድም። ስለዚህ በአንዱ ሀገር የሚኖር ዘመድ ያደረገውን በሌላው ሀገር ማድረግ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

ነገር ግን ከሚል ቤት የምንወስደው ዋናው ትምህርት ማንንም ከትምህርት ቤት አያስወጣም። ልጁ ቀን በትምህርት ቤት የተማረውን ማታ በጠረጴዛ ዳር በአማርኛ ይንገረን። ለምሳሌ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን፥ ከውሃና ከአየር ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ በእንግሊዝኛ ተምሮ ከሆነ፥ ለእናቱ በአማርኛ ያስረዳ። ቃል ሲያጣ እናቱ ታቀብለው፤ በዚያች ሰዓት ሳይንስና ቋንቋ አንድ ላይ ተማረ ማለት ነው። እናቱ ትምህርቱን ባታውቀው እንኳ አይጐዳም፤ «አልገባኝም፥ እስኪ እንደገና ንገረኝ» የምትል እናት ጥሩ መምህር ናት።

ለሒሳብ ይህን ጥያቄ እንስጠው፦ ሚል በግንቦት ወር በ1806 እ.ኤ.አ. ከተወለደ በእኛ አቈጣጠር ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነበር? 1798 ነው። ስምንት እንጂ ሰባት ለምን እንዳልተቀነሰ ግን ቶሎ አንንገረው። የእኛ ዓመት መስከረም ላይ እንደሚለወጥ፥ ልዩነቱም ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ገደማ ሰባት፥ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ራሱ ይድረስበት። ለሁለት ሰው የሚሆነውን ሊጥ ለሰባት ሰው ሲያሰላና ሲያቦካ ደግሞ ክፍልፋይንም፥ ሚል ያልታደለውን የእጅ ሥራንም ይማራል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ልጁ የሚጫወትበት ጊዜ፥ ጓደኞች፥ በዓልና ዕረፍት ይኑሩት። ሲያዝን የሚነግረው ወላጅ ይኑረው። ይህ ከትምህርት የሚቀነስ ሳይሆን የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ጆን ሚል 14 ዓመት ሲሞላው ወደ ፈረንሳይ ሊሄድ ሲል፥ አባቱ በሃይድ ፓርክ ይዞት እየተራመደ አንድ ነገር ነገረው። ከእኩዮችህ የበለጠ ብታውቅ በችሎታህ አትመካ፤ ሊያስተምርህ የሚችልና ለዚህም ድካሙንና ጊዜውን የሰጠህ አባት ስላገኘህ ነው የሚል ምክር ነበር። በሁለት ሥራ መካከል የሚሮጥ የስደት ወላጅ ጊዜ እንደሌለው እናውቃለን። ቢሆንም ከሌሊት ሥራ በፊት የምትገኝ ግማሽ ሰዓት እንኳ፥ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ልጁ ሲናገር የሚሰማባት ከሆነች፥ ከመጽሐፍም ከመሣሪያም የምትበልጥ ስጦታ ናት።

በቤት የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ልጃችን ዛሬ የተማረውን በአማርኛ ሲነግረን የትኞቹን ቃላት አጣ? እኛስ እናውቃቸዋለን?

2. ልጁ ራሱ ሊደርስበት ሲችል ቸኵለን የነገርነው ነገር ምንድን ነው?

3. ልጃችን ሲከፋው ለማን ይናገራል? ለእኛ የማይናገር ከሆነ ምክንያቱ ምን ይሆን?