ሽበቱን ተዪው፣ ክሬሙን አምጪው

እስቲ ያንን ወረንጦ አስቀምጪው። ሽበት ሲነቀል ይበዛል የሚሉት ተረት ነው። ቢሆንም ከዚያው ቀዳዳ ተመልሶ የሚወጣው ያው ሽበት ስለሆነ ድካምሽ ከንቱ ነው።

እዚያ ሥር ለፀጉርሽ ቀለም ሠሪዎችን የሚተኩ ስቴም ሴሎች አሉ። ዲኤንኤያቸው በየጊዜው ይጎዳል፣ ጠጋኝ ጂኖች ደግሞ ያስተካክሉታል። ጉዳቱ ከጥገናው ሲበልጥ ሴሎቹ ሞተው አይደለም የሚጠፉት፤ ያለጊዜያቸው ወደ ቀለም ሠሪነት ይለወጡና ተተኪ ሳይተዉ ያልቃሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ኤቲኤም የሚባለው ጂን የጎደላቸው አይጦች በጥቂት ጨረር ሸበቱ። እናስ? ስቴም ሴል ያድሳል ተብሎ የሚሸጥልሽ ዘይት ይህንን ሊመልስ ነው? ገንዘብሽን ያዢ እቴ።

እኔን ያናደደኝ ሽበቱ ሳይሆን ከመስታወቱ ኋላ የደበቅሽው ፊት የሚያቀላ ክሬም ነው። አየሁት እኮ! ቆዳሽን የሚያጠቁረው ሜላኒን በቆዳሽ ሴሎች ውስጥ ከኒውክለሱ በላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ዲኤንኤሽን ከፀሐይ ይጋርዳል። የጠጋኞቹን ሥራ የሚያቀልላቸው እሱ ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል በሽታ ይዟቸው የሚወለዱ ልጆች ፀሐይ የጎዳውን ዲኤንኤ መጠገን አይችሉም፤ ገና በሕፃንነታቸው ፊታቸው በነጠብጣብ ይሞላል፣ ካንሰሩም ቶሎ ይመጣባቸዋል። አልቢኒዝም ያለባቸው ደግሞ ጠጋኙ አላቸው፣ ጃንጥላው ግን የላቸውም፤ ስለዚህ ፀሐይ ትጎዳቸዋለች። እነሱ ሳይመርጡ የተወለዱበትን ነገር አንቺ በገንዘብሽ ትገዢዋለሽ? እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ የሚገባው ሃይድሮኪኖን የሜላኒኑን ምርት ይቀንሳል፣ ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፣ ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊት ድረስ ይዘልቃል።

የሰፈራችን የቀራንዮ ብርድም አያታልልሽ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። መድኃኔዓለም ስታስቀድሺ ቅጥር ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልጊ።

ደግሞ ጥቁር ነኝ ብለሽ የቆዳ ካንሰርን አትናቂ። በእኛ ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር ነው፣ መነሻውም ፀሐይ አይደለም። የእማዬ የድሮ የእሳት ጠባሳ ላይ ያለው ቁስልም እንዲህ ሳይድን መክረሙ ደስ አላለኝም፤ የቆየ ጠባሳ ወደ ካንሰር የሚለወጥበት ጊዜ አለ። አለርት እኮ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው፣ ዘነበወርቅ። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ተብሎ ስለተቋቋመ ሰው እዚያ ሲገባ መታየቱን ያፍርበታል፤ ዛሬ ግን ማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚታይበት ሆስፒታል ነው። ሰኞ እማዬን ይዘሻት ሂጂ።

ክሬሙንም ከነማሸጊያው ያዢ። ስቴሮይድ ካለበት በአንዴ ሲተዉት ፊት ይቆጣል፤ እንዴት እንደምታቆሚው ሐኪሙ አይቶ ይንገርሽ።