ለሠራተኞች መጠይቅ የሚስማማው የጥያቄ ዓይነት

ጥያቄ፦ የሠራተኞቻችንን አሳብ በጽሑፍ ልንጠይቅ ነው፤ ምርጫ ያለው ጥያቄ ይሻላል ወይስ በገዛ ቃላቸው የሚመልሱት?

መልስ፦ ሊቈጠርና ካምናው ጋር ሊነጻጸር የሚገባውን ነገር፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ባቀረበው፣ «ፈጽሞ አልስማማም» ከሚለው እስከ «እጅግ እስማማለሁ» በሚደርስ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ መጠየቅ ይበጃል፤ ምክንያቱን ግን ደረጃው ስለማይናገር፣ «ስለ ምን?» የሚል ባዶ መስመር ይከተለው። አብዝቼ የምለምንዎ፣ «አለቃዎ ቅንና ፈጣን ነውን?» እንደሚለው ያለ፣ ሁለት ነገር በአንድነት የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር እንዳይጽፉ ነው፤ አለቃው ቅን ሆኖ ዘገምተኛ እንደ ሆነ፣ መላሹ የቱን ይምረጥ? የሥራ ክፍልን፣ ዕድሜንና የአገልግሎት ዘመንን አከታትሎ የሚጠይቅ ወረቀትም፣ ሦስት ሰዎች ብቻ ባሉበት ክፍል ስም ከማስጻፍ አይለይምና፣ እውነቱን ደፍሮ የሚነግርዎ አይገኝም።